ወደ ግራ የሚዞር ቋጠሮ

አማቴ ጀልባ መግዛታቸውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተናገሩ ዕለት፣ ከመዘምራኑ አንዷ «አባባ፣ ማሪዬታ ላይ ባሕር የት አለና?» አለቻቸው። «ባሕሩማ ባለበት አለ፤ የምንሄደው እኛ ነን» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ። እኔም ከሰው ጋር አብሬ ሳቅኩ። አንጀቴ ግን አሮ ነበር፤ ጀልባዋ የቆመችው እኔ መኪናዬን ፓርክ የማደርግበት ቦታ ላይ ነው።

አማቴ ወጣት ሳሉ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሙሉ መርከብ ውስጥ ሽቦ ሲዘረጉ፣ ሲፈቱና ሲያስሩ ኖረዋል። ኋላ ኑሮ ወደ አትላንታ አመጣቸውና ሃያ ምናምን ዓመት የሆስፒታል ፓርኪንግ ውስጥ ሠሩ። እኔ ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመት፣ እሳቸው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ደግሞ ስድስት ዓመት ሆኗል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ባሕር ሲያወሩ የሰማሁት ቢደመር አንድ ፌርማታ አያደርስም። ጡረታ በወጡ በወሩ ግን አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው፣ ሐይቅ ላይ ብቻ የኖረች አሮጌ ጀልባውን ሊሸጥ መሆኑን ሰሙና ማንንም ሳያማክሩ አስጎትተው አመጧት።

ባለቤቴ እዚህ ያደገ ሰው ነው፤ ሥራው ኮምፒውተር፣ ጭንቀቱ አባቱ። ጭንቀቱም ያለ ምክንያት አይደለም። አባቱ ግላኮማ አለባቸው። የጎን የጎኑን ማየት እየተሳናቸው መጥቶ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መኪና መንዳት አቁመዋል። ጀልባዋ በመጣች ማግስት እራት ላይ ነገሩን አወጣው።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ አንድ ሰመር ብቻ እንሞክራት» አለ። «እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ። ግን ውሃ ላይ እያለን አንድ ነገር ከተበላሸ፣ አንድ ነገር፣ ሴል አደርጋታለሁ። ኦኬ?»

«እሺ» አሉ አማቴ፤ ያዩት ሳህናቸውን እንጂ ልጃቸውን አልነበረም። ከዚያ እንደ ልማዳቸው «እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝና፣ እንደ ልማዳቸው ሁለት ብርጭቆ ውሃ በላይ በላዩ ጠጥተው ተነሡ። ይህን ከምግብ በኋላ ውሃ የመጠጣት ነገር ከመርከብ ያመጡት ልማድ አድርጌ ነበር የማየው።

ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ጀልባዋ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸው ጎኗ ላይ ነበር።

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይከዳኝ ባሕር ላይ ብወጣ ነው የምፈልገው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «አንድ ሰመር ይበቃኛል። ነገር ግን ይቺ ጀልባ ሽቦዋ የሐይቅ ነው። ጨው ውሃ አይችልም።»

እኔ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ነው የምጠግነው። የመድኃኒት ፓምፕ፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ ሲበላሽ ነርሶቹ የሚጮኹበት ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ጀልባ ቀርቶ ዋና እንኳ አላውቅም፤ ሽቦ ግን አውቃለሁ። ደግሞ ስለ ጀልባዋ ብናደድም፣ እኚህ ሰው በስድስት ዓመት ውስጥ ከእኔ ምንም ነገር ለምነው አያውቁም ነበር። ያን ዕለትም አልለመኑም፤ እኔ ነኝ «እንቀይረዋለና» ያልኳቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያውን መቀመጫ ነቅለን ሆዷን ስናይ፣ የቀድሞው ባለቤት ሽቦውን እንደ ቤት መብራት ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎት ኖሯል። አማቴ አንዱን በጣታቸው ዳሰሱና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። ፒንሳዬን ተቀብለው የአንዱን ገመድ ልባስ ገፈፉት። ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሯል። አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ገፈፉ፤ አሁንም ጥቁር ነው።

«ይኼ በሐይቅ ውሃ ነው» አሉ። «ጨው ቢነካው ደግሞ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። ጨው ከላይ አይበላም ልጄ፤ ገመዱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሄደው። ከውጭ ስታይው ደህና ነው።»

ሁሉንም አወጣነው። በየሳምንቱ ዶራቪል አስቤዛ ስንገዛ፣ ቻምብሊ ወዳለች አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ጎራ ማለት ልማድ ሆነብን። ለባሕር የሚሆነው ሽቦ እያንዳንዱ ክሩ ቆርቆሮ የተቀባ ነው፤ ሲቆረጥ እንደ ብር ያበራል። ማገናኛዎቹ ደግሞ ሲሞቁ ተሸብሽበው የሚጣበቁና ውሃ የማያስገቡ ጎማ የለበሱ ናቸው። አማቴ መደብሩ ውስጥ እያንዳንዱን እያነሡ በአውራ ጣታቸው ሲፈትሹ፣ ባለ መደብሩ የቬትናም ሰው ዝም ብሎ ያያቸው ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወንበር አመጣላቸው።

ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ አልዋሽም። ከሥራ መልስ ልብሴን ቀይሬ ወጥቼ እስኪጨልም ከእሳቸው ጋር እሠራ ነበር። እኔ በፕላስቲክ ማሰሪያ ልሰበስብ ስል «ተዪው፣ እሱ ሽቦውን ይቆርጠዋል» ብለው ሰም የተነከረ ክር ከኪሳቸው አወጡ። ባሕር ኃይል እያሉ የተማሩት አስተሳሰር ነው፤ በየአራት ጣቱ አንድ ቋጠሮ፣ ቋጠሮው ሁሉ አንድ ዓይነት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያስሩት። እኔንም አስተማሩኝ፤ በሁለተኛው ቀን ያዝኩት።

ችግሩ የጀመረው ማገናኛዎቹ ላይ ነው። አማቴ ገመዱን ማገናኛው ውስጥ ከትተው በመጭመቂያው ፒንሳ ይጫኑታል። ሲነሡ እኔ ሳብ አደርገዋለሁ፤ ይመጣል። እጃቸው እንደ ድሮው አይጨምቅም። ሆስፒታል ውስጥ ከሥሬ ያለ ቴክኒሺያን እንደዚያ ቢሠራ ምን እንደምለው አውቃለሁ፤ ስለ እኔ ምላስ ብዙ ተወርቷል። ግን አማቴን፣ የሰባት ዓመት የመርከብ ኤሌክትሪሺያን የነበሩትን ሰው፣ «አባባ፣ ይኼ ልል ነው» ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። ዝም አይነቅዝም አልኩና ዝም አልኩ። ረቡዕ ረቡዕ ለጸሎት ሲሄዱ ብቻዬን ጀልባዋ ውስጥ ገብቼ ቋጠሮውን ፈትቼ፣ ልሉን ማገናኛ ቆርጬ፣ አዲስ አስገብቼ፣ በኃይል ጨምቄ፣ መልሼ እንደ እሳቸው አሥሬ እወጣ ነበር። አሥራ ሁለት ማገናኛ እንደዚያ ቀየርኩ።

ሌላም ነገር ነበር። አማቴ ገመዱን ወደ ማገናኛ ሳጥኑ ከማስገባታቸው በፊት እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ሆዱን ይጥሉታል። አያምርም። እኔ ደግሞ ቀጥ ያለ ነገር ነው የምወደው፤ መሣሪያ ከፍቼ ዘርፈጥ ያለ ሽቦ ሳይ ያመኛል። ዓይናቸው ነው፣ ምስኪን፣ ርዝመቱን መለካት አቅቷቸው ነው አልኩና እሱንም ወጠርኩት። በሳምንቱ ስመለስ እንደገና ሆዱን ጥሏል። ላልቶ ነው ብዬ እንደገና ወጠርኩ። እንደገና ወረደ። ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም። አንድ ሰው እኔ ሥራ ስሄድ እየገባ የእኔን ሥራ የሚያፈርስ እንደሆነ ሳስብ የመጣልኝ የሰፈሩ ድመት ነው።

ጁን ላይ ጨረስን። ከመሄዳችን በፊት ባለው እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደጃችን መጥተው ጀልባዋ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። አንደኛው ጸሎቱን አስረዝሞ ፊዩዙን ሳይቀር በጌታ እጅ አስረከበው። ጎረቤታችን ሣር ማጨዱን አቁሞ ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀ።

ከማሪዬታ እስከ ባሕሩ በተዋስነው ፒክአፕ እየጎተትናት አምስት ሰዓት ፈጀብን። ሌሊት ስለተነሣን ማለዳ ነበር ውሃ ላይ የወጣነው። ረዣዥሙን የባሕር ዳር ሣር አልፈን ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲሆን፣ አማቴ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱት።

«ያው ነው» አሉ።

ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አድርገው ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ባለቤቴ መሪውን ይዞ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ እየዞረ ያያቸው ነበር፤ አባቱን እንደዚያ ሆነው አይቷቸው አያውቅም። እኔም አላውቅም። ፓርክ የማደርግበት ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ ጠፋ።

በዚያ ሰመር ሦስት ጊዜ ሄድን፤ ሦስቴም መብራቱ በራ፣ ፓምፑ ሠራ፣ ሬዲዮው ተናገረ። በመካከሉ ቤት ስንመለስ ጀልባዋን በንጹሕ ውሃ እናጥባለን፤ እኔ እወጥራለሁ፣ ገመዱ ይወርዳል፣ እወጥራለሁ። ከአራተኛው ጉዞ በፊት ባለው ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ አጠበቅሁት። ዓርብ ዕለት አማቴ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ ጠብታ ተደርጎላቸው መጥተው ተኙ። ሌሊት ተነሥተን ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ውሃ ላይ ነበርን።

ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ ጀልባ በአጠገባችን በፍጥነት ሲያልፍ ማዕበሉ ከኋላ ገብቶ ቁርጭምጭሚታችን ድረስ አረሰን። እንደዚያ ሲሆን የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ያለው ፓምፕ በራሱ ተነሥቶ ውሃውን መትፋት አለበት። አልተነሣም። በእጄ ማብሪያውን ተጫንኩ። ዝም አለ። ደጋግሜ ተጫንኩት፤ ሊፍት እንደሚጠብቅ ሰው።

«ምንድነው?» አለ ባለቤቴ። ሞተሩን አቀዝቅዞ ባልዲ አነሣና ውሃውን መድፋት ጀመረ። የምንሰምጥ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ዳርቻው ይታያል፣ ሞተሩም ይሠራል። ግን ፊቱን አየሁት። ያ «አንድ ነገር» ያለው ነገር መጥቷል፤ መምጣቱ ግን እሱን ደስ አላሰኘውም።

አማቴ ተንበርክከው የመቀመጫውን ክዳን አነሡና እጃቸውን ማገናኛ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ። አላዩም፤ ዳሰሱ። የፓምፑን ገመድ ከሳጥኑ እስከ ላይ በጣታቸው ተከተሉት። ቀጥ ብሎ የተወጠረ ነበር። እጃቸውን ሲያወጡ ጣታቸው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ነበረ።

አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ዓይኔ ነው ልጄ። ሳላይ አልፌዋለሁ።»

ባለቤቴ ባልዲውን እንደያዘ ቆመ። «ኢትስ ኦኬ አባዬ» አለ፤ በጣም በቀስታ።

ያቺን ደቂቃ ሳስባት እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ዝም ብል የሚጠረጥረኝ አልነበረም። የታመመ ዓይን አለ፣ የደከመ እጅ አለ፤ ጥፋቱ ማረፊያ አግኝቷል። እኔ ደግሞ የሆስፒታሉ አንደኛ ጠጋኝ ነኝ። ግን ዝም ካልኩ ሰኞ ጀልባዋ ፎቶ ተነሥታ ለሽያጭ ኢንተርኔት ላይ ትወጣለች፤ እኚህ ሰውም የቀረ ዓይናቸውን ይዘው ደጃፋችን ላይ ቆመው ባዶ አስፋልት ያያሉ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ባሕር አያውቅም።

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት የወጠርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊትም እኔ ነኝ። እሳቸው ልል አድርገው ይተዉታል፣ እኔ እየገባሁ አጠብቀዋለሁ። ዓይናቸው መስሎኝ ነበር። ማገናኛዎቹንም... አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እጅዎ አልጨመቀም ነበር፤ አሥራ ሁለቱን እኔ ነኝ የቀየርኳቸው።»

ሰውዬው ግን ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም።

«አሥራ ሦስት ነው» አሉ። «አንዷን እኔ ራሴ ቀይሬያታለሁ።»

«ያውቁ ነበር?»

«አንቺ ግራኝ ነሽ። ቋጠሮሽ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ዓይኔ ቢደክም ጣቴ አልደከመም፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እጄ እንደማይጨምቅማ እኔም አውቃለሁ። ስትሠሪልኝ ደስ አለኝ፤ ምን እልሻለሁ?» አሉ። ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «የገመዱን ግን መናገር ነበረብኝ። ውሃ ገመድ ይዞ ነው የሚሄደው። ሆዱን ከጣልሽለት እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። ከወጠርሽው እየተንሸራተተ ማገናኛው ውስጥ ይገባል። እኔ ማታ ማታ እያወረድኩ ትረዳዋለች አልኩ። ለምራት እንዲህ አይባልም ብዬ ነው።»

ባለቤቴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። «ዌይት» አለ። «ማለት፣ ሰመሩን ሙሉ እሷ ስትሠራ አንተ ታፈርሳለህ፣ አንተ ስትሠራ እሷ ታፈርሳለች? ማንም ለማንም ምንም ሳይል?»

ባልዲውን አስቀምጦ መሣሪያ ሣጥኑን አቀበለኝ። የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ገፈፍኩ፤ ውስጡ አሁንም እንደ ብር ያበራ ነበር። ማገናኛውን እኔ ጨመቅሁ። አማቴ «ሳቢው» አሉኝ፤ ሳብኩት፣ አልመጣም። ከዚያ ገመዱን ተቀብለው ሆዱን በልኩ ጣሉለትና ክሩን ሰጡኝ። አሠርኩት፤ ወደ ግራ። ማብሪያውን ስጫን ፓምፑ አጉረምርሞ ውሃውን በጎን በኩል ተፋ።

ባለቤቴ ውሃው እስኪያልቅ ጠብቆ ሞተሩን አስነሣ። ወደ ዳርቻው ይዞራል ብዬ ነበር። አልዞረም።

«ፓምፑ አይደለም የተበላሸው» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ሴል አላደርጋትም። ግን ፕሊስ፣ ከአሁን በኋላ ተነጋገሩ።»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምስር ወጥ ሠራሁ። ሦስታችንም ፀሐይ ጠብሶን አፍንጫችን ተልጧል፤ ደክሞናል፣ ደስ ብሎናል። አማቴ ጥቂት በልተው እጃቸውን ሰበሰቡ። «እጅሽ ይባረክ» እስኪሉ ጠበቅኩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ጨው ይበዛበታል።»

ባለቤቴ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ማላመጡን አቆመ።

«የዛሬው ነው አባባ?» አልኳቸው።

ውሃቸውን አነሡ፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ። ትንሽ ሲያቅማሙ አየኋቸው፤ ከዚያ ወሰኑ። «የአሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አሉ።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። የቱ የሳቁ፣ የቱ የሌላው እንደሆነ መለየት አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ሆነው ገበታዬ ላይ የተቀመጡ ሰው ያን ዕለት ቤተሰብ ሆኑብኝ። በሚቀጥለው እሁድ ጨውን በግማሽ ቀንሼ ያንኑ ምስር ሠራሁ። አማቴ ውሃው እንደተቀዳ ትተውት፣ ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ጨምሪልኝ» አሉ።